ከአሮጌው ላፕቶፕ የወጡ እጆች

ልጄ አዲሱን ላፕቶፕ ይዛ የገባችው ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ነው። ፀሐዩ ሰዉን ሁሉ ወደየቤቱ የሰበሰበበት፣ ሰፈሩ ረጭ ያለበት ሰዓት ነበር። እኔ ቬንቲሌተሩ ፊት ምንጣፍ ላይ ጋደም ብያለሁ። ካርቶኑን ቀስ አድርጋ አጠገቤ አስቀመጠችና ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። ቀና ስል በእጇ፣

«በራሴ ደሞዝ ነው የገዛሁት» አለችኝ።

በእጇ ማለቴ ልጄ ስለማትሰማ ነው። ገና አፏን እየፈታች ሳለ ማጅራት ገትር ያዛትና ሆስፒታል ገባች። ከሆስፒታል በሕይወት ወጣችልኝ፤ ጆሮዋ ግን እዚያው ቀረ። ዛሬ እዚሁ ድሬ ዳዋ፣ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ መስማት የተሳናቸው ልጆች መምህርት ናት። ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር ለመናገር ምን ያህል እንደጠበቅሁ የማውቀው እኔ ነኝ። ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠ ሰው እናገራታለሁ። ሽንኩርት ስገዛ እናገራታለሁ። ባለቤቴ «ያልጠየቀሽን ሰው ሁሉ መንገር ተይ» ይለኛል፤ እሱ ራሱ ግን እስከ ጅቡቲ ድረስ ባለው መንገድ ያልነገረው የሻይ ቤት አሳላፊ የለም።

ካርቶኑን ከፍተን ላፕቶፑን አወጣነው። ስስ ነው፣ ቀላል ነው፣ አዲስ ዕቃ አዲስ ዕቃ ይሸታል። ደባብሼው ሳልጨርስ፣

«አሮጌው ውስጥ ያሉትን ቪዲዮዎች በሙሉ ወደዚህ እናሻግራቸው» አለች። «በሚቀጥለው ሳምንት የልጆቼን ወላጆች ጠርቻለሁ። ላሳያቸው እፈልጋለሁ።»

«ልጆቼ» የምትለው ተማሪዎቿን ነው።

አሮጌው ላፕቶፕ የኔ ነበር። በአንድ ትራንዚት ቢሮ ውስጥ ከጅቡቲ ለሚገባ ዕቃ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን እየጻፍኩ ስሠራ፣ ቢሮው ኮምፒውተሮቹን ሲቀይር አሮጌዎቹን ለሠራተኛ አደለና ይሄኛው ደረሰኝ። ያኔም ወጣት አልነበረም። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ቻርጀሩ ትንሽ ከተነቃነቀ ድርግም ይላል። ማጠፊያው ስለተሰበረ ስክሪኑ ከጀርባው የሽሮ ጣሳ ካልተደገፈ አይቆምም። ከቁልፎቹም የረገፉ አሉ። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዓመሉን ስለሚያውቀው ግን ማንም አይማረርበትም ነበር።

ቪዲዮዎቹ የተጀመሩት ልጄ ትምህርት ቤት የገባች ጊዜ ነው። የመጀመሪያዋ መምህሯ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እናቶችን ሰብስባ የምልክት ቋንቋ ታስተምረን ነበር። እዚያ ሳለሁ ሁሉም ይገባኛል። ባጃጅ ተሳፍሬ የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ተሻግሬ ቤት እስክደርስ ግማሹ ከጣቶቼ ተንጠባጥቦ ያልቃል። ልጄ እጇን እያወናጨፈች አንድ ነገር ትጠይቀኛለች፤ እኔ እንደ ሞኝ አያታለሁ፤ እሷ በንዴት ታለቅሳለች። ያኔ ጎረቤቱ ከፊቴ «አይዞሽ፣ አላህ ያውቃል» ይለኛል፤ ከኋላዬ ደግሞ «የደንቆሮዋ እናት» የሚለኝም ነበር። አማርኛችን ጆሮው የማይሰማውንም ነገር የማይገባውንም በዚያው በአንድ ቃል መጥራቱ ያንገበገበኝ ያን ጊዜ ነው። ልጄ ነገር የሚገባት ልጅ ነበረች። ያልገባኝ እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ መምህሯን አስፈቅጄ በስልኬ እቀርጻት ጀመር። አንድ ቃል፣ አንድ ቪዲዮ። ማታ ወደ ላፕቶፑ እገለብጥና ስሙን በፊደል እጽፍበታለሁ፤ «ውሃ»፣ «ነገ»፣ «አመመኝ»፣ «አይሆንም»። እየደጋገምኩ እያየሁ እለማመዳለሁ፤ ለማነጻጸርም ራሴን እቀርጻለሁ። በኋላ መምህሯን መቅረጽ ትቼ ልጄን ራሷን መቅረጽ ጀመርኩ፤ ምክንያቱም መምህሯ የምታውቃቸው ምልክቶች ለድሬ አይበቁም ነበር። የባጃጅ ምልክት የላትም። የደቻቱ ምልክት የላትም። ልጆቹ ግን የሚያወሩት ስለ ባጃጅና ስለ ደቻቱ ነው፤ ስለዚህ ራሳቸው ፈጠሩ። የደቻቱን ልጄ ስታሳየኝ አንዱን መዳፏን ዘርግታ ጸጥ ታደርገዋለች፤ ደረቅ አሸዋ ነው። ከዚያ ሌላው እጇ ከክንዷ ላይ ተንደርድሮ እየተገለባበጠ በመዳፏ ላይ ያልፋል፤ ጎርፍ መጣ ማለት ነው። ደቻቱን ለማያውቅ ሰው በቃል ከዚህ የተሻለ ልነግረው አልችልም።

ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ከቤት የሚውልበት ቀን ከማይውልበት ያንሳል። ሲመጣ ልጁ አዳዲስ ቃላት ይዛ ትጠብቀዋለች፤ እሱ ደግሞ የድሮዎቹንም ረስቷቸዋል። ገላውን ታጥቦ፣ በሽርጥ ላፕቶፑ ፊት ይቀመጥና መሪ የለመዱ ወፋፍራም ጣቶቹን እያጣመመ ያጠናል። እሱንም እቀርጸዋለሁ። ዓመታት እንዲህ ሄዱ። ልጄ ጥርሷ ወለቀ፣ በቀለ፣ ቁመቷ ከኔ በለጠ፤ ኮሌጅ ገብታ መምህርነት ተማረች፤ ያ ሁሉ በዚያ ማሽን ሆድ ውስጥ አለ።

እና ያን ቅዳሜ አሮጌውን ከመደርደሪያ አውርደን ጣሳውን ደገፍንለት። ቻርጀሩን ሰካን። ልጄ ፍላሽ አምጥታ ማሻገር ጀመረች። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፋይሎች ተሻገሩ። ከዚያ ማሽኑ እንደ ደከመ አህያ አንዴ ተነፈሰና ጠፋ። ቻርጀሩን ነቀነቅነው፤ ምንም። ሶኬት ቀየርን፤ ምንም። ትንሽ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ።

እውነቱን ለመናገር እሳት እንደያዘው ቤት ነው የቆጠርኩት። ልጄ ግን አየት አደረገችኝና፣

«አትደንግጪ» አለች። «የሞተው ማሽኑ ነው። ፋይሉ አልሞተም። ልብስሽን ልበሺ።»

ፀሐዩ በረድ ሲል ባጃጅ ይዘን ወደ ከዚራ ሰፈር ወረድን። ዛፎቹ ስር አንድ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው አለ፤ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ጉንጩ በጫት የተወጠረ፣ ሥራውን ግን የሚያውቅ ሰው ነው። አሮጌውን ገልበጥ አድርጎ አየውና ለኔ፣

«አቦ እናት፣ ይሄ ኑሮውን ጨርሷል። ምን አለበት ውስጡ? ፎቶ ነው?» አለኝ። ድሬ ውስጥ አንቱታ አይበዛም፤ ሰዉ ሲያከብርሽም ሲወድሽም አንቺ ነው።

ወደ ልጄ ዞሬ የጠየቀውን በእጄ ስነግራት አየ።

«አትሰማም እንዴ? ውይ!» አለ አዝኖ። «በቃ አንቺ ንገሪኝ እናት። ምን ላድርግላችሁ?»

አፌን ከፈትኩ። ስንት ዘመን የሠራሁት ሥራ ስለሆነ ሳላስበው ነው አፌ የሚከፈተው፤ በሐኪም ፊት፣ በቀበሌ፣ በታክሲ፣ ሰው ለሷ የሚናገረውን ለኔ ሲናገር እኔ ነበርኩ የምመልሰው። ልጄ ግን መዳፏን ወደኔ ዘርግታ አቆመችኝ። ከቦርሳዋ ስልኳን አወጣች፣ ፈጠን ፈጠን ብላ ጻፈችና ስክሪኑን ወደ ሰውዬው አዞረችው። እኔም በትከሻዋ በኩል አነበብኩት።

«ደህና ዋልክ። ላፕቶፑም ፋይሉም የኔ ነው። ሃርድ ዲስኩን አውጥተህ በኬዝ አድርግልኝ፤ እኔ ቤት ወስጄ እገለብጠዋለሁ። ፎርማት እንዳታደርገው። ጥያቄ ካለህ እኔን ጠይቀኝ፤ እዚህ ላይ ጻፍልኝ።»

ሰውዬው አነበበው። ድጋሚ አነበበው። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ስልኩን ተቀበላት። በአንድ ጣቱ እየለቀመ የሆነ ነገር ጻፈና መለሰላት፤ እሷ አንብባ ፈገግ አለች፣ መለሰችለት። እንዲህ እየተቀባበሉ ቆዩ። ብሎን መፍቻውን ሲያነሳ፣ የጀርባውን ክዳን ሲከፍት፣ ዲስኩን ሲመዝዘው፣ እሷ ጠረጴዛው ላይ ደገፍ ብላ ትከታተለዋለች፤ አንዴ ጣቷን ጠቆም አድርጋ የረሳውን ብሎን አሳየችው።

እኔ ጥግ ያለች የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የምሠራው ሥራ አልነበረኝም። ልጄ ባለችበት ቦታ ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ከዛፎቹ በላይ ወፎች ይንጫጫሉ፣ ባጃጆች ይተላለፋሉ፣ እኔ ወንበሬ ላይ እንደ ሙሽራ እናት ተኮፍሼ ተቀምጫለሁ።

ስንወጣ ሰውዬው ከኋላ ጠራኝ።

«እናት፣ ሥራዋ ምንድን ነው ልጅትዋ?»

«መምህርት ናት» አልኩት።

«ማሻአላህ» አለ። «ያስታውቃል። ፈተነችኝ እኮ!»

ቤት ስንደርስ ዲስኩን አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ሰካችው። ዲስኩ ትንሽ ጢቅ ጢቅ አለና ፎልደሮቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ፤ እኔ የሰጠኋቸው ስሞች፣ የኔ የፊደል ግድፈት፣ ሁሉም እንዳለ። «ውሃ» አለ። «ነገ» አለ። ማሻገሩ ተጀመረ። አረንጓዴዋ መስመር እንደ ቀንድ አውጣ ስትሳብ ሁለታችንም አፍጥጠን እያየናት ተቀመጥን፤ መብራት እንዳይጠፋ እሷም በልቧ እኔም በአፌ እየጸለይን። መብራቱ አላሳፈረንም።

እሑድ ጠዋት ባለቤቴ ከመንገድ ገባ። አቧራውን አራግፎ ሳይጨርስ አዲሱን ላፕቶፕ አይቶ «የማን ነው?» አለ። ልጁ ደረቷን ነካች። እሱ ክዳኑን በመዳፉ ዳበስ አደረገና ወደ ጓሮ ሄደ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። ሳሙና ገብቶብኝ ነው አለ፤ አልተከራከርኩትም።

ልጄ ያን ቀን ቪዲዮዎቹን እያየች ትለያቸው ነበር። ሁለት ፎልደር ከፍታለች። አንዱ «ለትምህርት» ይላል፣ ሌላው «የቤት»። አጠገቧ ተቀምጬ ሳይ እኔ ካለሁባቸው ቪዲዮዎች አብዛኞቹ ወደ «የቤት» እየሄዱ ነው።

«እነዚህስ ምን ሆኑ?» አልኳት።

«ትክክል አይደሉም እማ። እዚህ ጋ ጣትሽ ታጥፏል፤ ትርጉሙ ይቀየራል። እዚህ ደግሞ ፊትሽ ምንም አይናገርም። ጥያቄ ስትጠይቂ ቅንድብሽ ካልጠየቀ ጥያቄ አይሆንም።»

«አንቺ ግን ይገባሽ ነበር።»

«እኔ ልጅሽ ነኝ፣ ይገባኛል። ለልጆቼ ግን ስህተት አላስተምርም።»

ትንሽ ቆጨኝ። ያን ሁሉ ዓመት ጣቴን ሳጣምም ኖሬ! ቁጭቱ ግን ብዙ አልቆየም። ቀና ብላ፣ ጀርባዋን አቅንታ፣ ይሄ ያልፋል ይሄ አያልፍም ስትል ሳያት አለቃ መሰለችኝ። የኔን ሥራ የሚያርም ሰው ከቤቴ ወጣ ማለት ነው።

ከዚያ የአባቷ ቪዲዮ መጣ። ባለቤቴ በሽርጥ ካሜራው ፊት ቆሟል፤ ፀጉሩ ያኔ ጥቁር ነው። የፋይሉ ስም «ናፈቅሽኝ» ይላል። ከመንገድ ሲመለስ ገና ከደጃፉ ልጁን የሚላት ቃል ናት፤ ከሁሉ በፊት የተማራት፣ እስከ ዛሬም የሚላት። ልጄ ቪዲዮውን አየችና ሳቋ አመለጣት። ድምፅ አውጥታ ነው የሳቀችው፤ ልጄ ስትስቅ ድምፅዋ ወፍራም ነው፣ ቤቱን ይሞላዋል።

«ምንድን ነው?» አለ ባለቤቴ ከወዲያ መጥቶ።

«ይሄ ‹ናፈቅሽኝ› አይደለም» አለችው። «እጅህ ደረትህ ላይ መቅረት ነበረበት። ወደ ሆድህ አወረድከው። ‹ራበኝ› ነው ያልከው።»

ባለቤቴ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። እኔን አየ፣ እሷን አየ።

«ከመጀመሪያው ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን ዝም ትይኛለሽ?»

«መጥተህ ‹ራበኝ› ስትለኝ ወጥ ቤት እሮጥ የለ? ምግብ ሳቀርብልህ ደግሞ ግንባሬን ትስመኝ የለ? ሁለቱም ገብቶኛል» አለችው። «ደሞ ሁልጊዜም ይርብህ ነበር።»

ሦስታችንም ተንከተከትን። ልጄ የፋይሉን ስም ሰርዛ «ራበኝ» ብላ ጻፈችና «የቤት» ውስጥ አስገባችው። ከዚያ አባቷን ግድግዳው ጋ አቆመችው፣ ፀጉሩን በመዳፏ አስተካከለችለት፣ አዲሱን ላፕቶፕ ፊቱ ደቅና «ናፈቅሽኝ»ን እንደገና አስተማረችው። እጁ አሁንም አሁንም ወደ ሆዱ ሊወርድ ይላል፤ እሷ ክርኑን ይዛ ትመልሰዋለች። በመጨረሻ ሲያገኘው ሽበታም ሰውዬ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ዘለለ። ያቺኛዋ «ለትምህርት» ገባች።

የወላጆቹ ቀን ልጄ እንዳስተረጉምላት ይዛኝ ሄደች። እሷ በእጇ ትናገራለች፤ እኔ በአማርኛ፣ ሲያስፈልግም በኦሮምኛና በሶማሊኛ። ድሬ ስላደግሁ ሦስቱንም አፌ ላይ ሳገኛቸው ነው የኖርኩት። ክፍሏ ትንሽ ናት፤ ግድግዳው ሁሉ በሥዕል ተሸፍኗል። የመጡት ወላጆች ወንበሩ ለልጅ የተሠራ በመሆኑ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደርሶ ተቀምጠዋል። ከኋላ ከሁርሶ የጦር ማሠልጠኛ የመጣ አንድ ወታደር አባት ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ቆሟል። ከፊት አንዲት ጉፍታዋን ራሷ ላይ ያጣፋች ሶማሌ እናት ከትንሽ ልጇ ጋር አለች።

ልጄ ላፕቶፑን ከፍታ ቪዲዮዎቹን ታሳያቸው ጀመር። «ውሃ» የምትለው ወላቃ ጥርስ ያላት ልጅ፣ «ደቻቱ» የምትለው ፀጉሯ የተንጨባረረ ልጅ፣ «ነገ ትምህርት ቤት አለ» የምትለው ደብተሯን ያቀፈች ልጅ። ወላጆቹ ሳቁ፣ ዘና አሉ፣ እጃቸውን ለመሞከር አፍረው ጠረጴዛ ስር ማነቃነቅ ያዙ። ወታደሩ እጁን አወጣ።

«ይቺ ልጅ ጎበዝ ናት» አለ። «የማን ልጅ ናት? አሁን የት ደረሰች?»

ጥያቄውን ለልጄ አስተረጎምኩላት። እሷ እኔን አየችኝ፤ አንቺ መልሺው ማለቷ ነበር።

«የኔ ልጅ ናት» አልኩ። «የደረሰችውም እዚህ ነው። መምህርቷ ናት።»

ወታደሩ ስክሪኑን አየ፣ ልጄን አየ፣ እንደገና ስክሪኑን አየ። ከዚያ ጥጉ ላይ ካለው ልጁ አጠገብ ሄዶ ተንበረከከና፣ በአንድ ቃል ብዙ ሰው የሚያሰልፍ ሰውዬ፣ በተደነባበሩ ጣቶቹ «ውሃ» ለማለት ሞከረ። ልጁ ፊቱ በራ፤ የአባቱን ጣት ይዞ አስተካከለለት።

ያኔ ሶማሌዋ እናት በሶማሊኛ ጠየቀችኝ። «እኔ አማርኛ ብዙም አልችል። ይሄ የእጅ ቋንቋ አማርኛ ነው ሶማሊኛ?»

ለልጄ ነገርኳት። ልጄ ሳቀችና፣ «የእጅ ነው በያት። ማንም ይችለዋል» አለች።

ሴትዮዋ ግን አልጨረሰችም። «እኛ ልጃችንን ስንጠራ ‹ሆዮ› ነው የምንለው» አለች። ሆዮ እናት ማለት ነው፤ ሶማሌ እናት ልጇንም በዚሁ በራሷ መጠሪያ በፍቅር ትጠራታለች። «እሱን በእጅ እንዴት ነው የምላት? ቪዲዮው ውስጥ አለ?»

አልነበረም። ከኔ ቪዲዮዎች ውስጥም፣ ልጄ ኮሌጅ ከተማረችው ውስጥም አልነበረም። ልጄ ትንሽ አሰበች። ከዚያ፣

«ዛሬ ጠዋት ከእንቅልፍ ስታስነሺያት ምን አደረግሽ?» ብላ በኔ አፍ ጠየቀቻት።

ሴትዮዋ ግራ እንደገባት፣ የመዳፏን ጀርባ በልጇ ጉንጭ ላይ አንዴ አሳለፈችና ወደ ራሷ ደረት መለሰችው። ትንሿ ልጅ ወዲያው ቀና ብላ አየቻት፣ እንደተጠራች ሁሉ።

ልጄ ያንኑ እንቅስቃሴ በአየር ላይ ደገመችው፤ ጉንጭ፣ ደረት። ትንሿ ልጅም ደገመችው። ከዚያ ሌሎቹ ልጆች፣ ከዚያ ወላጆቹ። ልጄ የላፕቶፑን ካሜራ ከፍታ ሴትዮዋን ፊት ለፊት አቆመቻት። ሴትዮዋ ጉፍታዋን አስተካከለች፣ ቀጥ አለች፣ አደረገችው።

ልጄ ፋይሉን ስታስቀምጥ ስሙን በአማርኛ ፊደል «ሆዮ» ብላ ጻፈችና ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ወደኔ ዞረች። ራሴን ነቀነቅኩላት። «ለትምህርት» ውስጥ አስገባችውና ወደ ልጆቿ ተመለሰች። እኔ ቦርሳዋን እንደያዝኩ፣ ግድግዳውን ተደግፌ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ ቆሜ ቀረሁ።